ኮምፖስት ሁሉ እኩል አይደለም፦ ለአንድ የጓሮ አትክልት ምክር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ጓሮ አትክልትና ኮምፖስት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በየቴሌግራም ግሩፑ ሲዘዋወር ከርሟል። ለእኔም ከተለያየ ሰው ደረሰኝ። የጸሐፊው ስም የለበትም። አጻጻፋቸው ይጥማል። ሰው በጓሮው ጎመንና ቲማቲም እንዲያለማ መቀስቀሳቸውም ያስመሰግናቸዋል። ቅሬታዬ ምክሩ ላይ ነው። ምክሩን እንዳለ የተቀበለ ሰው ችግኙን ሊያቃጥል ይችላል። ካሮቱ ይንሻፈፍበታል። ሲብስም ወስፋት ያለበት ሰላጣ ለልጆቹ ያቀርባል። ስለዚህ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ሐሳቡ ባጭሩ ይኸውላችሁ። ኮምፖስት ከምንም ይሠራ ለአትክልት የሚሰጠው ጥቅም ያው ነው። የትል ኮምፖስት (ትል እበትና ቆሻሻ በልቶ የሚያወጣው) ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ ያለ አፈር ለብቻው ቢተከልበት ደግሞ ይመረጣል። የዶሮ ኩስ ኃይለኛ ስለሆነ ሳይውል ሳያድር ለችግኝ ይሰጥ። ኮምፖስት ጥቁር ከሆነ ደርሷል ማለት ነው። የቡና አተላ ለቲማቲም ፍቱን ነው። ከተፈጥሮ የመጣ ነገር ማንንም አይጎዳም። በመጨረሻም ኮምፖስት ያለው ሰው ዩሪያን ጨርሶ ይርሳ። ማስረጃ ተብሎ የቀረበው የሁለት ባልዲ ፎቶ ነው። በአንዱ የለመለመ ሰላጣ፣ በሌላው የጫጨ ሰላጣ ይታያል።

አስተዋይ አንባቢ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ነጥቦች ላይ አንድ ነገር ሳይታዘብ አይቀርም። ሁሉም አንድ ከሆነ የትሉ እንዴት በለጠ? ይህን እንለፈውና ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ።

«ከምንም ይሠራ ያው ነው» የሚለው ከሁሉም የከፋው ስህተት ነው፤ ሌሎቹም የሚመነጩት ከእሱ ነው። ኮምፖስት ውስጥ ያልገባ ነገር ከኮምፖስት አይወጣም። ጉድጓዱ ውስጥ የገባው በአብዛኛው ገለባና ሳጋቱራ ከሆነ የሚወጣው ነገር ካርቦን የበዛበት፣ ናይትሮጅን የጎደለው ነው። የገባው የዶሮ ኩስ ከሆነ የተገላቢጦሽ ይሆናል። ባለሙያዎች ይህን በቁጥር ይገልጹታል። በዶሮ ኩስ ውስጥ ለ1 እጅ ናይትሮጅን ከ7 እስከ 10 እጅ ገደማ ካርቦን አለ። በከብት እበት ከ15 እስከ 20 ይሆናል። በስንዴ ገለባ 80 ገደማ ይደርሳል። ሳጋቱራ ግን 200ን አልፎ እስከ 500 ይሄዳል። ክምሩ ጥሩ ሆኖ እንዲበሰብስ ሲጀመር ከ25 እስከ 30 አካባቢ ቢሆን ይመከራል። ገለባውን ከእበት፣ ደረቁን ከእርጥቡ የምንቀላቅለው ለዚህ ነው።

ይህ ቁጥር መደቡ ላይ ምን ያመጣል? ካርቦን የበዛበትን፣ በደንብ ያልበሰበሰ ኮምፖስት አፈር ውስጥ ስትከቱ ጥቃቅን ተሕዋስያን ይረባረቡበታል። እነሱም ለመኖር ናይትሮጅን ይፈልጋሉ። ኮምፖስቱ ውስጥ ካጡት ከአፈሩ ይሻሙታል። ተሻሚው የናንተ ጎመን ነው፤ በዚህ ሽሚያ ደግሞ ጎመን ሁሌም ተሸናፊ ነው። ታችኞቹ ያረጁ ቅጠሎች መጀመሪያ ይገረጣሉ፣ ከዚያ ቢጫ ይሆናሉ። ተክሉ ባለበት ይቆማል። ባለቤቱ «ኮምፖስት አድርጌለት እንኳን እንቢ አለ» ይላል። እንቢ ያለው ግን በኮምፖስቱ ምክንያት ነው። ከጊዜ በኋላ ተሕዋስያኑ ሲሞቱ የያዙት ናይትሮጅን ለአፈሩ ይመለሳል። ያኔ ግን የጎመኑ ወቅት አልፏል።

ሌላው ልዩነት ጨው ነው። የዶሮ ኩስ ኮምፖስት ከከብት ፍግ ኮምፖስት ይልቅ ጨው ይበዛበታል። አትክልት ሁሉ ደግሞ ጨውን እኩል አይችልም። ቀይ ሥርና ቆስጣ ጠንከር ይላሉ። ፎሶሊያ፣ ካሮትና ሽንኩርት ቶሎ ይጎዳሉ። ስለዚህ አንዱ ኮምፖስት በአንድ ጓሮ ውስጥ ለቆስጣው ሲመቸው ለፎሶሊያው ላይመቸው ይችላል። ፍሬ እና ቅጠልም አንድ አይደሉም። ናይትሮጅን ሲበዛ ሰላጣና ጎመን ይፈነድቃሉ። ቲማቲምና ቃሪያ ግን ቅጠላቸው ብቻ ይንዠረገግና አበባውን ያዘገያሉ። ሰፈር ውስጥ ቁመቱ አጥር አልፎ ፍሬው ግን በጣት የሚቆጠር ቲማቲም ካያችሁ የፍግ አበዛዙን ጠይቁ። ካሮት ደግሞ ያልበሰለ ፍግ ያገኘ እንደሆነ ሥሩ ይሰነጠቃል፣ መንታ ይሆናል፣ ፀጉር ያወጣል። ልምድ ያለው ገበሬ ፍጉን ለጎመኑ ሰጥቶ ካሮቱን በሚቀጥለው ወቅት እዚያው መደብ ላይ ይዘራል።

የአፈሩንም ነገር አንርሳ። በጎጃም፣ በወለጋ፣ በጨንቻ ደጋ ያለው አፈር አሲዳማነት ያጠቃዋል። እዚያ ፎስፎረስ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተቆራኝቶ ተክሉ አያገኘውም። በደንብ የበሰለ የፍግ ኮምፖስት አሲዳማነቱን ትንሽ ስለሚያረግብና አሉሚኒየሙን ስለሚይዝ እዚያ ውለታው ከማዳበሪያነት ያልፋል። መቂና ዝዋይ አካባቢ በመስኖ ቲማቲምና ሽንኩርት ለሚያመርት ሰው ግን ያለበት ችግር ሌላ ነው። በዚያ ስምጥ ሸለቆ ጨዋማነት ቀድሞውኑ የሚያሰጋው ማሳ አለ። ጨው የበዛበት የዶሮ ኩስ ኮምፖስት በላዩ ላይ መጨመር ችግሩን ማባባስ ነው። «ያው ነው» የሚለው ምክር ጨንቻና መቂ ላይ አንድ ዓይነት ሊሠራ አይችልም።

ስለ ትል ኮምፖስት የተባለው ከፊሉ ልክ ነው። ጥሩ ነገር ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። የሚበዛው ሥራ የቀዩ ትል (በሳይንሳዊ ስሙ አይሴኒያ ፌቲዳ) ነው። ይህ ትል የአፈር ትል አይደለም፤ የሚኖረው በሚበሰብስ ነገር ውስጥ ነው። ከአንጀቱ የሚወጣው ደቃቅ፣ ውኃ የሚይዝ፣ ለችግኝ ሥር የሚመች ነገር ነው። ግን ትል ከምንም ነገር ናይትሮጅን አይፈጥርም። ካርቦኑ ሲቀንስ የቀረው ይጠነክራል እንጂ ያልበላውን አያወጣም። እበት የበላ ትልና የወረቀት ካርቶን የበላ ትል የሚሰጡት ኮምፖስት አንድ ዓይነት ጉልበት የለውም።

«ለብቻው ይተከልበት» የሚለው ምክር ግን በፍጹም አይሆንም። በአሜሪካ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ክላይቭ ኤድዋርድስና ባልደረቦቻቸው በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ዓመት ሠርተዋል። ቲማቲምን ጨምሮ በተለያዩ አትክልቶች ላይ የትል ኮምፖስትን በተለያየ መጠን እየቀላቀሉ ሞክረዋል። አብዛኛውን ጊዜ ጥሩ እድገት የታየው ከጠቅላላው መትከያ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው የትል ኮምፖስት ሲሆን ነው። ከዚያ በላይ መጨመሩ ሁልጊዜ ተጨማሪ ጥቅም አላመጣም፤ ሲበዛ እንዲያውም እድገቱ የቀነሰበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ለአምስት አካፋ መትከያ አንድ አካፋ ይበቃል። በውድ የተገዛ ጆንያ በአንድ ባልዲ ውስጥ መዘርገፍ ገንዘብ ማባከን ነው።

ጽሑፉ ያልነገረን ሌላም ነገር አለ። የትል ኮምፖስት አይግልም። ትሉ ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ስለማይችል ሳጥኑ ሆን ተብሎ ቀዝቀዝ ይደረጋል። በዚህ የተነሳ የአረም ዘር አይሞትም። የቲማቲም ዘር ከወጥ ቤት ቆሻሻ ጋር ከገባ በትል ኮምፖስት ውስጥ አልፎ መደባችሁ ላይ እንደ ችግኝ ይበቅላል። ይህ እንኳን ደስ ይላል። የማያስደስተው አረሙ ነው። ስለዚህ እበቱና ቆሻሻው መጀመሪያ በክምር እንዲግል ይደረጋል፤ ሲበርድ ነው ለትሉ የሚሰጠው።

የዶሮ ኩስን በተመለከተ ልለሳለስ አልችልም። ጸሐፊው «ሳይውል ሳያድር ለችግኝ ይሰጥ» ብለዋል። ኧረ በፈጠራችሁ! በዶሮ ኩስ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በፍጥነት ወደ አሞኒያ ይለወጣል። የዶሮ ቤት ስትገቡ ዓይናችሁን የሚቆጠቁጠው እሱ ነው። ዓይን የሚያስለቅስ ነገር ለስስ ሥር ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያቅትም። ዘሩ ሳይበቅል ይቀራል። የበቀለውም የቅጠሉ ጫፍ ይቃጠልና ይጠወልጋል። ሰውየው ውኃ ያነሰው መስሎት ያጠጣዋል፤ ችግሩ ግን ሌላ ነው።

ደግሞ የምናገኘው የዶሮ ኩስ ብቻውን አይደለም። ቢሾፍቱን ጨምሮ የዶሮ እርባታ በበዛበት ሁሉ ከቤቱ የሚጠረገው ኩሱ ከነመነጠፊያው ነው። መነጠፊያው ሳጋቱራ ወይም ገለባ ነው። እንግዲህ በአንድ ጆንያ ውስጥ ሁለቱ ጽንፎች አሉ ማለት ነው፤ የሚያቃጥለውም፣ ናይትሮጅን የሚሻማውም። ይህ ችግር የሚመስለው ነገር ለክምር ግን ጥሩ ድብልቅ ነው። ውኃ ረጨት አድርጎ፣ ከእርጥብ ቅጠላ ቅጠል ጋር እያነባበሩ መከመር ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ እጅ የማያስገባ ሙቀት ያወጣል። እያገላበጡ፣ እርጥበቱን እየጠበቁ ጥቂት ወራት ከታገሡት እንደ ደህና አፈር የሚሸት ይሆናል። በዚህ ደረጃ ያለውን የዶሮ ኩስ ኮምፖስት ለጎመን የሚያህል የለም። ጸሐፊው «ኃይለኛ ነው» ያሉት እውነት ነው። ኃይለኛ ስለሆነ ነው መብሰል ያለበት።

አመድ ጨምሩበት የሚል አንድ መስመርም ጣል አድርገዋል። አመድ ፖታሲየምና ካልሲየም አለው፤ በአሲዳማ አፈር ላይ ደግሞ ይረዳል። ትኩስ የዶሮ ኩስ ላይ ግን አትነስንሱት። አመድ ናይትሮጅኑን በአሞኒያ መልክ ወደ አየር ይገፋዋል። ክምሩ ከበረደ በኋላ፣ ወይም በቀጥታ መደቡ ላይ ቢሆን ይሻላል።

«ጥቁር ከሆነ ደርሷል» ወደሚለው እንሂድ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ከኮምፖስት ዓይነት በላይ ችግኝ የሚገድለው ጥሬነት ነው። ጥቁረት ብዙ ምክንያት አለው። ውኃ በዝቶበት አየር ያጣ ክምር ይጠቁራል፤ ግን የረጋ ረግረግ ነው የሚሸተው። ከሰል ወይም ጥቁር አፈር የተቀላቀለበትም ይጠቁራል። በሌላ በኩል ቡናማ ሆኖ በሚገባ የበሰለ አለ። ዓይን ይሸወዳል።

የግብርና ባለሙያዎች ገበሬውን ክምሩ መሃል ረጅም እንጨት እንዲተክል ያስተምሩታል። እንጨቱን ነቅሎ በእጅ መዳሰስ ነው። ትኩስና እርጥብ ከሆነ ሥራው በደንብ እየሄደ ነው። ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውኃ ይፈልጋል። ቀዝቃዛ፣ እርጥብና የሚገማ ከሆነ አየር አጥቷል፤ ይገላበጥ። ክምሩ ተገላብጦ፣ ውኃ ጠጥቶም መልሶ የማይግል ከሆነ ወደ ብስለት እየተጠጋ ነው። ሁለተኛው መንገድ ደግሞ ትንሽ እርጥብ ኮምፖስት በፌስታል ጥብቅ አድርጎ አስሮ ለጥቂት ቀናት ማስቀመጥ ነው። ሲከፈት የአሞኒያ ወይም የኮመጠጠ ሽታ ከወጣው ጥሬ ነው።

ከሁሉም የምወደው ግን የፌጦ ፈተና ነው። ፌጦ እኛ ለሆድ ሕመምና ለብርድ የምናውቃት ናት። በዓለም ላይ ያሉ ብዙ የኮምፖስት ቤተ ሙከራዎችም የሚጠቀሙት ይችኑ ፌጦን ነው፤ ቶሎ ስለምትበቅልና ለመርዝ ስስ ስለሆነች። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ እጅ ኮምፖስት በአሥር እጅ ውኃ በጥብጡና አጥልሉት። በአንድ ሰሃን ላይ ሶፍት አንጥፋችሁ በዚያ ውኃ አርጥቡ። በሌላው ሰሃን ላይ ንጹሕ ውኃ ብቻ። በሁለቱም ላይ እኩል ቁጥር ያለው የፌጦ ዘር በትኑ፤ ሸፈን አድርጓቸው። በሦስተኛው ቀን ገደማ የበቀለውን ቁጠሩ፤ የሥሩንም ርዝመት ለኩ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። በኮምፖስቱ ውኃ የበቀለው ከንጹሑ አንጻር ስንት በመቶ እንደሆነ አስሉ። የሥሩንም ርዝመት እንዲሁ በመቶኛ አውጡ። ሁለቱን አባዝታችሁ ለ100 አካፍሉ። ውጤቱ ከ80 በላይ ከሆነ ችግኝ የሚጎዳ ነገር የለበትም ማለት ይቻላል። ከ50 በታች ከሆነ ችግኝ አጠገብ አታድርሱት። ምሳሌ ልስጥ። በንጹሕ ውኃ 20 ዘር በቅሎ በኮምፖስቱ 16 ከበቀለ 80 በመቶ ነው። ሥሩ ግማሽ ብቻ ከሆነ 50 በመቶ ነው። 80 ሲባዛ በ50፣ ሲካፈል ለ100፣ 40 ይመጣል። ይህ ኮምፖስት የቱንም ያህል ቢጠቁር ገና ጥሬ ነው። መልሳችሁ ከምሩት።

ስለ ቡና አተላ ብዙ አልልም። ከአቦል እስከ በረካ ሦስቴ የተፈላ ቡና አተላ ምን ጉልበት ይቀረዋል የሚል ሰው ይኖራል። ናይትሮጅን በርግጥ ይቀረዋል። ችግሩ ጥሬውን ችግኝ ሥር መነስነሱ ላይ ነው። አውስትራሊያ ሜልበርን ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት የቡና አተላን በቀጥታ አፈር ላይ ጨምሮ ብሮኮሊን፣ ሊክንና ራዲሽን ጨምሮ የተለያዩ ተክሎችን አሳድጓል። ሁሉም እድገታቸው ቀነሰ። ማዳበሪያ ሲጨመርም አልዳኑም። ስለዚህ አተላው ወደ ክምሩ ይሂድ፤ እዚያ ጥሩ ግብዓት ነው። ጅማና ሲዳማ ላይ የሚከመረው የቡና ገለባም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ፖታሲየም ሞልቶታል፤ ግን በውስጡ ያለው ካፌይንና ታኒን እስኪሰበር ድረስ ከእበት ጋር ተቀላቅሎ ወራት መቆየት አለበት። «አተላ አፈሩን አሲዳማ ያደርጋል» የሚለው የተለመደ ስጋትም የተጋነነ ነው። አሲዱ በአብዛኛው ስኒያችን ውስጥ ገብቷል።

አሁን ደግሞ «ተፈጥሮ ማንንም አይጎዳም»። ይህ ዓረፍተ ነገር ያስፈራኛል። የወስፋት እንቁላልም ተፈጥሮ ነው። ጥሬ ፍግ ላይ የበቀለ ሰላጣ ሳይበስል ነው የሚበላው። በብዙ አገር ሕጉ የጠበቀው ለዚህ ነው። በአሜሪካ የኦርጋኒክ ደንብ መሠረት ጥሬ ፍግ የተጨመረበት መሬት ላይ የሚበላው ክፍል አፈር የሚነካ አትክልት ከሆነ ከምርቱ መሰብሰብ በፊት ቢያንስ 120 ቀን ማለፍ አለበት። አፈር የማይነካ ከሆነ 90 ቀን። ሰላጣ ከችግኝ እስከ ገበታ ሁለት ወር ገደማ ነው። ሒሳቡን ሥሩት፤ ጥሬ ፍግና ሰላጣ በአንድ ወቅት አብረው አይሄዱም። ክምሩ 55 ዲግሪና ከዚያ በላይ መጋል ያለበትም ለዚሁ ነው። በሜዳ የተከመረ ከሆነ ያው ደንብ 15 ቀን በዚህ ሙቀት እንዲቆይና በዚያ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ አምስቴ እንዲገላበጥ ይጠይቃል። መገላበጡ ጫፍ ላይ ያለው ቀዝቃዛ ክፍል ወደ መሃሉ ሙቀት እንዲገባ ነው።

ጣና ላይ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ያስቸገረውን እንቦጭ ኮምፖስት እናድርገው የሚለው ሐሳብም ጥሩ ነው፤ ግን ያው ሙቀት የግድ ነው። የእንቦጭ ዘር ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ቅንጬ አረምም ካበበ በኋላ ወደ ቀዝቃዛ ጉድጓድ ከገባ አረሙን በኮምፖስት ስም መዝራት ነው።

ከከተማ ቆሻሻ የሚሠራ ኮምፖስት ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነው፤ ስለዚህ ሀብት ነው። ነገር ግን ከምንጩ ካልተለየ ባትሪ፣ ቀለም፣ ብረታ ብረት ይገባበታል። እርሳስና ካድሚየም የሚባሉት መርዛማ ከባድ ብረቶች አይበሰብሱም። የትኛውም ሙቀት፣ የትኛውም ትል አያጠፋቸውም። እንዲያውም ሌላው ሲበሰብስ እነሱ እየጠነከሩ ይሄዳሉ። ካድሚየምን ከቲማቲም ፍሬ ይልቅ እንደ ሰላጣና ቆስጣ ያሉ ቅጠላ ቅጠሎች አብልጠው ይሰበስቡታል። በአቃቂ ወንዝ ውኃ ስለሚለሙ አትክልቶች ከባድ ብረቶች ለምን ተደጋግመው እንደተጠኑ የሚያውቅ ሰው ይህን ቀለል አድርጎ አያየውም። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የከተማ ኮምፖስት ካላችሁ ለአበባና ለጥላ ዛፍ አውሉት። ለሰላጣ የሚሆነውን ከራሳችሁ ወጥ ቤትና ከምታውቁት በረት አዘጋጁ።

የመጨረሻው ነጥብ ዩሪያ ነው። እዚህ ጸሐፊው የትግራይን ተሞክሮ ጠቅሰዋል። ተሞክሮው እውነተኛና ትልቅ ነው። የዕፅዋትና የአካባቢ ጥበቃ ተመራማሪዎቹ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ የመሩት ተቋም እ.ኤ.አ. በ1996 በትግራይ ጀምሮ ከገበሬውና ከግብርና ቢሮው ጋር ሠርቷል። ኮምፖስት ያገኙ ማሳዎች ኬሚካል ማዳበሪያ ካገኙት ጋር የሚስተካከል፣ ብዙ ጊዜም የሚበልጥ ምርት ሰጥተዋል። ጥቅሙም ለሚቀጥለው ዓመት ይተርፍ ነበር። ይሁን እንጂ እዚያ በአብዛኛው የተለካው ገብስ፣ ስንዴ፣ ጤፍና በቆሎን የመሰለ እህል ነው። ኮምፖስቱም በሥልጠና፣ ከተለያየ ነገር ተቀላቅሎ፣ ጊዜውን ጠብቆ የተሠራ ነው። ያ ውጤት «ማንኛውም ኮምፖስት ለማንኛውም አትክልት» የሚል ትርጉም አይሰጥም።

ቁጥሩን እንየው። ጥሩ ምርት የሚሰጥ ጥቅል ጎመን ከአንድ ሄክታር 150 ኪሎና ከዚያ በላይ ናይትሮጅን ይወስዳል። ናይትሮጅኑ 1 በመቶ የሆነ 100 ኩንታል ኮምፖስት በውስጡ 100 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። ግን የበሰለ ኮምፖስት በመጀመሪያው ዓመት የሚለቀው ከዚህ ከ10 እስከ 20 በመቶ ገደማውን ነው። ማለትም ከ10 እስከ 20 ኪሎ። ይህ ከግማሽ ኩንታል ዩሪያ ያንሳል፤ ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነውና። አንድ ሄክታር ጎመን ላለው ሰው «ዩሪያ እርሳ» ማለት በመቶዎች የሚቆጠር ኩንታል ተሸከም ማለት ነው። እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ በሚገባበት ደጋ ደግሞ ያን ያህል ከየት ይመጣል?

ለጓሮ ከሆነ ግን ጸሐፊው ልክ ናቸው። አሥር ካሬ ሜትር መደብ በተመሳሳይ ስሌት አንድ ኩንታል ያህል ኮምፖስት ይበቃዋል። ያን ከቤት ማውጣት ይቻላል። የእንሰት አገር ሰው ፍጉንና የቤት ጉድፉን በየዓመቱ ጓሮው ላይ እየጨመረ ለትውልድ ያለ ዩሪያ ኖሯል። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ በየወቅቱ በናይትሮጅን ልክ የፍግ ኮምፖስት ሲጨመር ፎስፎረሱና ጨው ከሚያስፈልገው በላይ እየተከማቸ ይሄዳል። አፈሩ ከጠገበ በኋላ መጠኑን መቀነስና በመሃል ፎሶሊያ ወይም አተር መዝራት ይበጃል። ናይትሮጅኑን ራሳቸው ከአየር ያመጣሉ።

የሁለቱን ባልዲ ፎቶ ነገር ልጨርስ። በአንዱ ባልዲ የትል ኮምፖስት ብቻ፣ በሌላው «ተራ አፈር» ተብሏል። ተራ አፈር ምንድን ነው? ከግንባታ ቦታ የተዛቀ ይሁን ከጫካ አልተነገረንም። ውኃውስ እኩል ነበር? ፀሐዩስ? አንድ አንድ ባልዲ ደግሞ ምንም አያስረዳም። አንድ ችግኝ ከመነሻው ደካማ ሊሆን ይችላል። ማወዳደር የፈለገ ሰው አፈሩን አንድ ያድርግ። የትል ኮምፖስት፣ የከብት ፍግ ኮምፖስት፣ የዶሮ ኩስ ኮምፖስት እያለ በእኩል መጠን ይቀላቅል። አንድ ምንም ያልተጨመረበትም ይኑር። ከእያንዳንዱ አራት አምስት ባልዲ ያዘጋጅ። ቦታቸውን እያፈራረቀ፣ ውኃውን እየለካ ያሳድግ። መጨረሻ ላይ ቅጠሉን ቆርጦ በሚዛን ይመዝን፤ በዓይን መገመት ያታልላል። ያን ጊዜም ውጤቱ የሚነግረን ስለዚያ አፈርና ስለዚያ ሰላጣ ነው። ለካሮት ሌላ ሙከራ ያስፈልጋል።

ጸሐፊው እንዲህ አድርገው ሞክረው ፎቶውን ከነሚዛኑ ቢለጥፉት በደስታ አያለሁ። የፌጦውንም ውጤት አብረው ቢያወጡት ደግሞ የበለጠ።